የታምሬ ሥልጠና

በዚያ በክፉው ዘመን፣ ሰማዩ ዝናብ ነፍጎ፣ ሰው መጀመሪያ ላሙን ቀጥሎ በሬውን ቀጥሎ ተስፋውን ጨርሶ ወደ ሱዳን ጠረፍ በእግሩ በተመመበት ዓመት፣ ረሃብ ያልደፈረው አንድ የታደለ መሬት ነበረ። ይህን ታላቅ እውነት የሚያውቁት ግን በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከነጋዴው ከጀማሉ ሱቅ ጀርባ፣ በአንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ የሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የታደለው መሬት ድርጅቱ ነጻ ያወጣው ቆላ ነው። የድርጅቱን ስም እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም፤ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ አባላቱ ራሳቸው እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ይደክማቸው ነበር። ጉዳዩ በኅዳር ወር ለገዳሪፍ ኮሚቴ ቀርቦ፣ ከጥልቅ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ረሃብ የጭቆና ውጤት ነው፤ በነጻ መሬት ጭቆና የለም፤ ስለዚህ ረሃብ የለም። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ሐሳብ በየአገሩ ቢገኝ ኖሮ ስንት እህል በተረፈ ነበር።

ሎሪዎች ከጠረፍ እየተነሡ ኡም ራኩባ መጠለያ ላይ ሰው ሲያራግፉ መዋላቸው፣ ከሚራገፈውም ሰው አብዛኛው ያው የነጻው መሬት ሰው መሆኑ ኮሚቴውን ለአፍታም አላናወጠውም። ወዲያው ሁለተኛ መግለጫ ወጣ። ሰዎቹ «ከወንድም የሱዳን ሕዝብ ጋር ወዳጅነትን ለማጠናከር የተደረገ ሕዝባዊ የእግር ጉዞ» ተሳታፊዎች ናቸው ተባለ። ለምን አጥንታቸው ወጣ ለሚል ተንኮለኛም መልሱ አልጠፋም፤ ከጭቆና ቀንበር የተላቀቀ ሕዝብ ይቀለዋል።

ይህችን «ይቀለዋል» የምትል ውብ ቃል ያገኛት የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው አስናቀው ነበር። አስናቀው ከመሰደዱ በፊት በቆላው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ሲበዛ ቅን ሰው ነው። እንደ ሌሎቹ አውቆ አይዋሽም፤ መጀመሪያ ራሱን ያሳምናል፣ ከዚያ እውነቱን ይናገራል። ጀማሉ ጧት ጧት ፉል ሲያቀርብለት፣ አስናቄ፣ የወዳጅነት ጉዞ ያደረጉት ሰዎች ትናንት ከሱቄ ደጃፍ የወደቀ የዱራ ማሽላ ፍሬ ከአፈር ሲለቅሙ አየኋቸው፣ ይሄስ ምን ይባላል እያለ ይነዘንዘዋል። አስናቀው ፉሉን በዳቦ እየጠረገ የአካባቢ ጽዳት ዘመቻ ነው ይለዋል። ጀማሉ የመተማ ሰው ነው፤ ሳቁ ሲመጣበት መሐረቡን አፉ ላይ ይጭናል።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ጋረደው ደግሞ ሌላ ፍጡር ነበር። ሕግ መማር ጀምሮ ትቶታል፤ ሕጉም እሱን። ሰው በጥላ ውስጥ በሚቀቀልባት የገዳሪፍ ፀሐይ፣ ከነኮሌታው የተቆለፈ የወታደር ጃኬት ይለብሳል። ጦር ሜዳ አልዋለም፤ ጃኬቱ ግን ውሏል ይባላል። ወገኖቹ አንድ መንደር አቃጠሉ የሚል ወሬ ሲመጣ መንደሩ ቀድሞውንም አልነበረም ይላል። የመንደሩ ሰው በአካል ሲመጣበት ደግሞ መንደሩ ራሱን በራሱ አቃጠለ ብሎ ያስረዳል። አስናቀው በዚህ ሰው ፊት ሲቀመጥ ዓለም ቀላል፣ ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስለው ነበር።

እንዲህ ሰላም ሰፍኖ ሳለ ነው የአስናቀው እናት ወይዘሮ ውባየሁ በእግር ጉዞው ተሳትፋ ኡም ራኩባ መድረሷ የተሰማው።

አስናቀው ለመግለጫ የሚሆን ሐሳብ ላሰባስብ ብሎ ለኮሚቴው ተናግሮ በሎሪ ሄደ። በመጠለያው ከጎጆ ጎጆ ሲፈልግ እናቱን አልፏት ሄዶ ነበር፤ ድምጿ ነው የመለሰው። «አስናቄ» አለችው፣ ልክ ከትምህርት ቤት ዘግይቶ እንደመጣ ልጅ። ወደ ሎሪው ሲያወጣት እንደ ሣር እስር ቀለለችው። ያኔ ያቺ ውብ ቃሉ ትዝ አለችውና ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ነፋሱ አቧራ ይዞ መጣ ብሎ ለራሱ መግለጫ ሰጠ።

«ታምሬስ?» አላት። ታምሬ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ከእሷ ጋር እርሻውን ይዞ የቀረ።

«እንድረስ መጀመሪያ» አለችው።

መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው ሳይሰበሰብ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ሰሚው የሚደግፈው ትከሻ ሳያገኝ አይነገርም። ውባየሁ ይህን ሥርዓት በረሃ ውስጥም ይዛው መጥታለች። ልጇን ቀብራ ከተነሣች ወዲህ አላለቀሰችም፤ በመንገድ ላይ ማን ለማን ያለቅሳል፣ ሁሉም የየራሱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከተረፈው ልጇ ጋር በሰው መሐል ተቀምጣ ታምሬን በወጉ ማልቀስ።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ ጀማሉ ከውባየሁ ጋር ተማክሮ ከመጠለያው ሁለት ሽማግሌዎች አስመጥቶ ከእሷ ጋር ወደ አስናቀው ክፍል ገባ። ልብህን ጠበቅ አድርግ ብለው ትከሻና ትከሻውን ያዙት። ታምሬ አርፏል አሉት።

አስናቀው ለጩኸት አፉን ከፈተ። ነገር ግን የበሰለ ካድሬ ነውና ጩኸቱን ከመልቀቁ በፊት ማጣራት የነበረበት አንድ ጉዳይ ነበር።

«ማን ገደለው?»

«የናንተ ሰዎች» አለች እናቱ። «ለዘር ያስቀመጥነውን ማሽላ ሊወስዱ መጡ። ይኸን ከወሰዳችሁት ለከርሞ ምን እንዘራለን ብሎ ጎተራው በር ላይ ቆመ። ለሕዝብ ነው አሉና ተኮሱበት። ማሽላውንም ወሰዱት።»

የአስናቀው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ጠላት ገድሎት ቢሆን ኖሮ እንዴት ባማረ! ታምሬ ሰማዕት ይባል ነበር፤ አስናቀው ደረቱን እየመታ ያለቅስ፣ ኮሚቴውም ቆሞ በጸጥታ ያስበው ነበር። ወገን ግን ሰው አይገድልም። ይህን በወሰነው ኮሚቴ ውስጥ እጁን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ጩኸቱ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ተገትሮ ቆመ፤ አስናቀውም ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ስብሰባ ሄደ።

ጋረደው ነገሩን ሰማ።

«ወገኖቻችን ሰው አይገድሉም» አለ።

«አይገድሉም» አለ አስናቀው።

«ቢገድሉም የሚገድሉት ጠላት ነው።»

«ጠላት ብቻ።»

«እንግዲያው ታምሬ ከሞተ ጠላት ነበር።»

አስናቀው ራሱን በአዎንታ ሊነቀንቅ ጀምሮ አንገቱ እምቢ አለው። «ወንድሜ ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

ይህ በእርግጥ ችግር ነበር። የድርጅቱ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ የጠላት ወንድም ሆኖ መገኘቱ ለማንም አይበጅም፤ እሱን ለሾመው ሊቀ መንበር ከሁሉ በላይ አይበጅም። ጋረደው ጃኬቱን ይበልጥ ቆለፈ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ጠላት ካልነበረ አልሞተማ!»

«አልሞተም?»

«ሊሞት አይችልም። ለሥልጠና ተልኳል።»

እዚህ ላይ አንባቢ አስናቀውን ሞኝ ሊለው ይችላል። አይፈረድበትም፤ ግን ወንድም ያለው ሰው ይመስክር። ወንድምህ አልሞተም የሚልህን ሰው ለመጠራጠር ጨካኝ መሆን ያስፈልጋል። አስናቀው የጋረደውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ከክፍሏ ሲወጣ ይሮጥ ነበር። ከጀማሉ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው የሣር ዳስ ሥር ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ጀማሉ የሎሪ ሸራ እየወጠረ፣ እናቱ መሐል ተቀምጣ አገኛቸው።

«ታምሬ አልሞተም!» አላቸው።



«እኔ ነኝ እኮ የቀበርኩት» አለች ውባየሁ።

«የቀበርሽው ሌላ ሰው ይሆናል።»

«በዚህ እጄ ዓይኑን ከድኜለታለሁ፣ አስናቄ።»

«ተሳስተሽ ይሆናል፣ እማ። ድካም አለ፣ ጉዞ አለ። እሱ ለሥልጠና ነው የሄደው።»

እናቱ አልተቆጣችም፤ አልተከራከረችም። ሕፃን ሆኖ ትኩሳት ይዞት ሲቃዥ ታየው እንደነበረው አየችው። ጀማሉ ግን የሸራውን ገመድ እንደያዘ ቀረ። ኸላስ፣ እንግዲህ ይኸን ሸራ ልወጥረው ወይስ ልጠቅልለው ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ተራ ቢመስልም ኮሚቴውን ቀኑን ሙሉ አወያይቷል። ለቅሶ ካለ ሟች አለ፤ ሟች ካለ ገዳይ አለ፤ ገዳይ ከሌለ ለቅሶ ሊፈቀድ አይችልም። በሌላ በኩል ሸራው ግማሽ ተወጥሯል፤ ሰዉም ከኡም ራኩባና ከየመንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ መምጣት ጀምሯል። ስለዚህ ጋረደው ያንን ሁሉ ሕዝብ ሳያባርር፣ ሸራውንም ሳያስፈታ፣ ስሙን ብቻ ለወጠው። ዳሱ «የጓድ ታምሬ የሥልጠና መሸኛ በዓል» ሆነ።

በዓሉ እጅግ የደመቀ ነበር። ጋረደው ከፍ ባለ የስኳር ሣጥን ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ ባህላዊ ጭፈራችን ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ሲያለቅሱ የደስታ እንባ መሆኑን አስገነዘበ። አንድ ሰው ገብቶ እግዜር ያጥናችሁ ሲል፣ ለሥልጠናው ብርታት መመኘቱ ነው ተብሎ ተጨበጨበለት። አስናቀው ከሁሉ በላይ ያጨበጭብ ነበር፤ እጁ እስኪቀላ።

ውባየሁ ብቻ ደረቅ ዓይኗን ይዛ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ሲሏት «ልጄን በሰው ድግስ ላይ አላለቅሰውም» አለች። ሸራው ሲወርድም እንደዚያው ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ አስናቀው ምግብ ሲያቀርብላት ትበላለች፣ ውሃ ሲሰጣት ትመርቀዋለች፤ ስለ ታምሬ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያላለቀሰችው ለቅሶ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ትንፋሿን ያሳጥረው ነበር። አስናቀው ያያል፤ ደንብ ግን ደንብ ነው።

ታምሬ በበኩሉ እያደገ ሄደ። የመጠለያው ሰው ተንኮሉ ብዙ ነው፤ ጋረደውን ባገኘው ቁጥር ታምሬ እንዴት ሆነ፣ ሥልጠናው አላለቀም ወይ ይለዋል። ጋረደውም በጣም ጎበዝ በመሆኑ አሠልጣኝ ሆኖ ቀርቷል ብሎ መለሰ። ቆየት ብለው ሲጠይቁት የጦር መሪ ሆኗል አለ። ፋሲካ ሲደርስ ታምሬ ለአመራር አባልነት በዕጩነት ቀርቦ ነበር። በሕይወቱ ከማሽላ ማሳው ያልወጣ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ሊቀ መንበሩን በሥልጣን በለጠው። የኮሚቴ አባላት ሐሳብ ሲያቀርቡ «ጓድ ታምሬም በዚህ ይስማማል» ማለት ጀመሩ፤ ጋረደውም የሚቃወምበት መንገድ አልነበረውም። አስናቀው በወንድሙ ኮራ። እንዲያውም ከገበያ የቆዳ ጫማ ገዝቶ፣ ሲመጣ ይጫማዋል ብሎ አልጋው ሥር አስቀመጠለት።

የነገሩ መጨረሻ የመጣው ጓድ ኮከብ የሚባል የአመራሩ መልእክተኛ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ከሜዳ ሲገባ ነው። ኮከብ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ሲናገር ፈገግ የሚል ሰው ነበር፤ ሸሚዙ ወገቡ ላይ አበጥ ብሏል። ኮሚቴው ተሰበሰበ።

ኮከብ ወሬ አላበዛም። ፈረንጆቹ በጠረፍ በኩል እህል ማከፋፈል ጀምረዋል፤ ለሁሉም ሲሰጡ ለድርጅቱ ግን አልሰጡም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ የእናንተ መሬት ረሃብ እንደሌለበት በራሳችሁ መግለጫ ነግራችሁናል አሉ። ስለዚህ አመራሩ ሁኔታውን እንደገና ገምግሟል። በነጻው መሬት ረሃብ አለ። ከድሮም ነበረ። የለም ያለ ማንም ሰው የጠላት ወኪል ነው።

የኮሚቴው አባላት ይህን ሲሰሙ በአንድነት በአዎንታ ነቀነቁ። እንዴት ያለ የአስተሳሰብ ቅልጥፍና! ጋረደው ከሁሉ ቀድሞ ረሃብ እንዳለ እኔ ከመጀመሪያ ስናገር ነበር አለ፤ «ይቀለዋል» የሚለውን የጻፈው እሱ ነው ብሎም በጣቱ ወደ አስናቀው ጠቆመ። አስናቀውን ላብ አጠመቀው።

«መግለጫውን ያወጣው ሊቀ መንበሩ ነው» አለ ኮከብ በለስላሳ ድምፁ። «ቢሆንም አመራሩ ቂም የለውም። ለሥልጠና መርጦሃል፣ ጓድ ጋረደው። መኪናው ውጭ ቆሟል።»

«የምን ሥልጠና?»

«ጓድ ታምሬ የሄደበት ነዋ። በየመንገዱ ስለ እሱ ሲወራ ሰማን። እሱን የሸኘሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ጎተራው በር ላይ።»

የጋረደው ፊት አመድ ለበሰ። የጃኬቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፤ ያን ሁሉ ወር ስለ ታምሬ ሲናገር ወጥቶት የማያውቅ ቃል ከአፉ አመለጠ።

«ታምሬ እኮ ሞቷል።»



«ማን ገደለው?» አለ ኮከብ ፈገግ እንዳለ።

ጋረደው የኮከብን ፊት አየ፣ ወገቡን አየ፣ በሩን አየ። ሽንቴ መጥቶ ነው አለ። ከክፍሏ ወጥቶ ጓሮ ገባ፤ ወዲያው የአገዳ አጥር ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ሰዎቹ ሲደርሱ አጥሩ ላይ ጃኬቱ ተንጠልጥሎ አገኙት።

ኮከብ ምንም አልደነገጠም። ጓድ ጋረደው ለሥልጠናው ከመጓጓቱ የተነሳ መኪናውን ሳይጠብቅ በእግሩ መሄዱን በሚገባ ቋንቋ አስፍርልኝ ብሎ አስናቀውን አዘዘው። አስናቀው ግን አልሰማውም። ከመርዶው ጧት ጀምሮ ጉሮሮው ላይ ተገትሮ የነበረው ጩኸት መንገድ አግኝቶ ወጣ።

ጀማሉ ኋላ ሲያወራ፣ ወላሂ የሱቄ ቆርቆሮ ነው የተነቀነቀው ይላል። ኮከብና ሰዎቹ ሰው ሳይሰበሰብ ጋረደውን ለመያዝ በአጥሩ በኩል ሮጡ። ውባየሁ ድምፁን በሰማች ጊዜ ከሣር ዳሱ ሥር ዱራ ትለቅም ነበር። መርዶው እንደገባው አወቀች። ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ልጇም እየሮጠ መጥቶ ጉልበቷ ላይ ሲወድቅ ደረቷ ላይ የተቀመጠውን ለቅሶ ለቀቀችው። ጀማሉ ማንንም ሳይጠይቅ ሸራውን አወጣ።

ሦስት ቀን ተለቀሰ። ታምሬ አሠልጣኝነቱም፣ የጦር መሪነቱም፣ ዕጩነቱም ቀርቶ እንደገና ወንድምና ልጅ፣ ዘሩን ለከርሞ ያስቀመጠ ገበሬ ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ ጀማሉና ጓደኞቹ በራሳቸው ወግ ዱዓ አደረጉ። አስናቀው ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ እስኪደክመው አለቀሰ፤ የደስታ እንባ ነው የሚል አንድም ሰው አልነበረም።

በሣልስቱ ከሰዓት በኋላ፣ የዕርዳታ ብርድ ልብስ እስከ ዓይኑ የተከናነበ አንድ ሰው ገብቶ ከምንጣፉ ጠርዝ ተቀመጠ። ከዘመድም ከባዕድም አብልጦ ማልቀስ ጀመረ፤ ሰው ዞሮ ዞሮ አየው። ትንሽ ቆይቶ በእንብርክኩ ወደ ውባየሁ ተጠጋ። ብርድ ልብሱን ከአፉ ላይ ገለጥ ሲያደርግ አስናቀው አወቀው፤ ጋረደው ነበር።

«እማማ ውባየሁ» አለ በሹክሹክታ፣ «ይሸሽጉኝ። በየጎጆው እየፈለጉኝ ነው። ካገኙኝ ይገድሉኛል።»

 ውባየሁ ከትከሻው የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ መልሳ አለበሰችው፤ ከአጠገቧ የነበረውን የውሃ ጣሳም አቀበለችው። ጥርሱ ጣሳው ላይ ሲንቀጫቀጭ ይሰማ ነበር።

«እነማን ናቸው የሚገድሉህ?»

«የኛው ሰዎች።»

«ተው ልጄ፣ ተሳስተህ ይሆናል» አለችው በርኅራኄ። «የናንተ ሰዎች ሰው አይገድሉም።»